ለቤት ዓሣ ምን ያህል መብራት ይበቃል?

ቤቱ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ሊያኖር ያሰበ ሰው መብራቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በድምቀቱ ነው። ይህ ግን ገንዘብ ያባክናል፣ ውኃም ያበላሻል። ዓሣው ቀንና ሌሊቱን ከሚለይበት ያለፈ ብርሃን አያስፈልገውም፤ ብርሃኑን የሚመገበው ተክሉ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መወሰን ያለበት የተክሉ ነገር ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉት አዝጋሚ ተክሎች በደብዛዛ ብርሃን ይኖራሉ፤ ለአንድ ሊትር ውኃ ከ10 እስከ 20 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃቸዋል። ገንዳው 60 ሊትር ከያዘ ከ600 እስከ 1,200 ሉመን ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንኛውም ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገዛ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ይሰጣል። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ከተጻፈ ብርሃኑ ነጭ ስለሆነ የዓሣው ቀለም ጎልቶ ይታያል።

ፀሐይ በነፃ እያለች አምፖል ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ችግሩ ፀሐይን ማብራትና ማጥፋት አለመቻሉ ነው። ለምሳሌ በወለጋ ያለችውን ነቀምቴን እንይ፤ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በክረምት የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ እሷንም የወለጋ ደመና ይሸፍናታል፤ በበጋ ደግሞ ሰማዩ ሲጠራ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ሥር የተቀመጠ ገንዳ እንግዲህ በሐምሌ ብርሃን ይጠማዋል፣ በታኅሣሥ ይትረፈረፍበታል። ትርፉን ብርሃን አዝጋሚው ተክል አይጨርሰውም። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ ጋር ተደምሮ የአልጌ ሲሳይ ይሆናል፤ መስታወቱ አረንጓዴ ሽፋን ያበጃል፣ ውኃውም ይደፈርሳል።

ሌላው ክርክር የብርድ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፣ በዚያው በወለጋ ባለችው በሻምቡማ ይብሳል፤ የድሮው ቢጫ አምፖል ውኃውን ያሞቅ የለም ወይ? ያሞቃል፤ ነገር ግን ሙቀቱ የሚቋረጠው አምፖሉ በሚጠፋበት፣ ብርዱም በሚበረታበት ሰዓት ነው። ውኃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መዋሉ ለዓሣ ከብርዱ አይሻልም። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይስማማዋል፤ ሙቀት ለሚሻው ጋፒ ደግሞ መፍትሔው መብራት ሳይሆን ሙቀት የሚቆጣጠር የውኃ ማሞቂያ ነው።

ከድምቀቱ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሰዓቱ ነው። ለአዲስ ገንዳ በቀን 6 ሰዓት በቂ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢበራ ቤተሰቡም ያየዋል። በወር የሚፈጀው 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋስ? አንድና ሁለት ቀን ጨለማ ዓሣውንም ተክሉንም አይጎዳም። የሚያሠጋው የአየር ፓምፑ መቆሙ ነው፤ በአምፖሉ የተረፈው ገንዘብ በባትሪ ለሚሠራ ፓምፕ ይዋል። ተራ አምፖል እርጥበት ስለማይችል ከገንዳው የመስታወት ክዳን በላይ ይሰቀል። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ጠብታው መሬት ላይ ይወርዳል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። እጅዎን ውኃ ውስጥ ከመክተትዎ በፊትም ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ።