ስኳርና ማንኮራፋት፦ በአንድ አልጋ የተኙ ሁለት በሽታዎች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። የእኔ በሽታ ግን ከራሴም ተደብቆ ነበር። ደብቆ ያቆየው እንቅልፍ ነው። ያየችውም፣ የሰማችውም አጠገቤ የምትተኛው ባለቤቴ ነበረች፤ እኔ ደግሞ እሷን አልሰማኋትም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ታክሲ የነዳሁ፣ ባለፈው ዓመት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለብኝ የተነገረኝ ሰው ነኝ። ከዚያም ጥቂት ወራት ቆይቶ ሌላ በሽታ ተጨመረልኝ፤ ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚመለስበት ሕመም። ሁለቱ እንደሚተዋወቁ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልኝ ነበር። ብዕር ያነሣሁትም ለዚሁ ነው።

የማይታዘዝ ቁጥር

ነገሩ የጀመረው በጥማትና በሽንት ነው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እነሣለሁ። ቀን ይደክመኛል፤ ከምሳ በኋላ ዓይኔ ይከደናል። «የዕድሜና የሥራ ነው» ብዬ ተውኩት። በመጨረሻ ስመረመር ኤ ዋን ሲ የተባለው፣ የሦስት ወር ያህል አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ 8.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ከ5.7 በታች ደህና ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው። በባዶ ሆድ ሲለካ ደግሞ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደጋገመ በሽታው አለ ይባላል።

ሐኪሟ ሜትፎርሚን አዘዘችልኝ፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ፣ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዴን አወከኝ፤ በኋላ ተስማማኝ። ስኳር ያለበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ተውኩ። ማታ ስለካ 138፤ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሣ 170! አንዲት ጉርሻ ሳልቀምስ! መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሌሊት እየተነሣሁ ዳቦ የምሰርቅ መስሏት ቁራጩን መቁጠር ጀመረች።

በዚህ መካከል አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ተሳፋሪዎች ይዤ ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ ጥሩንባ ሲጮህ ብንን አልኩ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆይቷል። ቆሜ ስለነበረ ፈጣሪ አተረፈን። ሀይዌይ ላይ በስድሳ ማይል ስነዳ ቢሆንስ ኖሮ? ያን ዕለት ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ የነገርኳት ከወር በኋላ ነው።

«ያንኮራፋሉ?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ ቁጥሮቼን አየችና ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ያንኮራፋሉ?» «ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። በስልክ በቀረበላት አስተርጓሚ በኩል፣ «ዶክተር፣ አይስሙት። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ፤ ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል ነው የምፈራው። እስኪተነፍስ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ ሃያ እደርሳለሁ» አለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ «ትንሹን ልጃችንን ከወለድኩ ጀምሮ» ብላ መለሰች። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

በእኛ ዘንድ የሚያንኮራፋ ሰው ጠግቦና ደልቶት የተኛ ይመስለናል፤ እንቀልድበታለንም። እውነቱ ሌላ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ጨርሶ ይጋጠምና የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ትንፋሽ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ይደነግጥና ሰውዬውን ለቅጽበት ያነቃዋል። ጠዋት አያስታውሰውም፤ ሰውነቱ ግን ሲታገል አድሯል። ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከደረሰ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። እኔ የተመረመርኩት በቤቴ ነው፤ ጣቴ ላይ መቆንጠጫ፣ ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫዬ ሥር ቀጭን ቱቦ አድርጌ አንድ ሌሊት ተኛሁ። ውጤቱ በሰዓት 34 ሆነ።

ሁለቱ እንዴት ይተዋወቃሉ?

ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር ሰውነታችን አውሬ የመጣበት ያህል ይሸበርና አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። እነዚህ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲያወጣ ያደርጉታል፤ ኢንሱሊንም ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያውኩታል። ስለዚህ ሰው ተኝቶ፣ ምንም ሳይበላ ስኳሩ ሊጨምር ይችላል። የጠዋት ስኳር ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ያለዚህ ሕመም እንኳ በብዙ ሰው ላይ ጎሕ ሲቀድ ከፍ ይላል።

የከፋው ነገር አንዱ በሽታ ሌላውን መሸፈኑ ነው። ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ወደ ሽንት ያፈስሰዋልና ሌሊት ያስነሣል። የትንፋሽ መቋረጥም በበኩሉ ሽንት ያበዛል። ድካሙም የሁለቱም ነው። ስለዚህ በሽተኛው ሁሉን ነገር «ስኳሬ ነው» እያለ ሌላውን ሳይታከም ይኖራል። ከመጠን ያለፈ ክብደትና የደም ግፊት ለሁለቱም ባልንጀራ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቀጭን ሰውም ከትንፋሽ መቋረጥ አያመልጥም።

አፍዎ ደርቆ፣ ራስዎን እያመመዎት የሚነቁ ከሆነ፤ የደም ግፊትዎ በመድኃኒት አልወርድ ካለ፤ የአንገትዎ ዙሪያ በወንድ ከ17 ኢንች፣ በሴት ከ16 ኢንች ከበለጠ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ስልክዎ ድምፅ እንዲቀዳ አድርገው አንድ ሌሊት ይተኙ። አብሮ አደር ካለዎትም «ሲያንኮራፋ አስቸገረን» ብሎ ሲያማዎት አይቆጡ፤ ምስክርዎ እሱ ነው።

እኔና ጭንብሉ

ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያስተዋወቁት። መድኃኒት አይረጭም፤ የክፍሉን ተራ አየር በጭንብል በኩል በግፊት እያስገባ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ይደግፋል።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ጠላሁት። ልጆቼ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሰልክ ብለው ሳቁብኝ። እንግዳ ሲመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ እደብቀው ነበር። ሁለት ሌሊት ነቅዬ ጣልኩት። ነገር ግን መሣሪያው የተጠቀምኩበትን ሰዓት ይመዘግባል። ሜዲኬር ወጪውን መክፈል ለመቀጠል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ በተከታታይ 30 ቀናት፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ አራት አራት ሰዓት መጠቀምን ይጠይቃል፤ ሌሎች ኢንሹራንሶችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ስለዚህ ካልተመቸዎት አይጣሉት፤ ደውለው ጭንብሉን ያስለውጡ። እኔ አፍንጫን ብቻ በሚሸፍነው ቀየርኩ፤ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እያደረግሁ ለመድኩት።

አልቀር ብሎ ሌሊቱን በሙሉ ባደረግሁበት የመጀመሪያ ቀን ባለቤቴን ጸጥታው አስፈራት። ተነሥታ ደረቴን በእጇ ዳሰሰችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሌሊት መነሣቴ ወደ አንድ ጊዜ ወረደ፤ መሪ ላይ ማንቀላፋቴም ቀረ። በስድስት ወሬ ኤ ዋን ሲ 7.1 ሆነ።

ይህን ያደረገው መሣሪያው ብቻ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ሲፓፕ ብቻውን ስኳርን ስለማውረዱ የተደረጉ ጥናቶች አልተስማሙም። መድኃኒቱ፣ ምግቡ፣ እርምጃው ሁሉ ድርሻ አለው። ግን ሳልተኛ አድሬ በየትኛው ጉልበቴ እራመድ ነበር?

ገበታችንና ልማዳችን

«ጤፍ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ይርሱት። ጤፍ መልካም እህል ነው፤ እንጀራ ግን በብዛት ሲበላ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። በትሪ ዙሪያ ሲበላ ምን ያህል እንደበሉ አይታወቅም፤ ስለዚህ ድርሻዎን በሳሕን ያውጡ። የሳሕኑ ግማሽ ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ዓሣ ወይም ዶሮ፣ ሩቡ እንጀራ ይሁን። ማርም ስኳር ነው። አብሽና ሽፈራው የሐኪም መድኃኒት አይተኩም።

ከሥራ ወጥተው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጥብስና ቢራ ወስደው የሚተኙ ወንድሞች ብዙ ናችሁ፤ እኔም ነበርኩ። መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላል፤ ኢንሱሊን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ሌሊት ስኳርን ከልክ በታች ሊጥል ይችላል። በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛትም ይረዳል። ክብደትን አሥር በመቶ መቀነስ ትርጉም ያለው ለውጥ ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የዊስከንሰን ጥናት አሥር በመቶ ክብደት መቀነስ የትንፋሽ መቋረጡን ቁጥር በ26 በመቶ ገደማ ከመውረድ ጋር አያይዞታል። ቲርዜፓታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒትም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ለስኳር በሽታ፣ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ላለባቸው አዋቂዎች ተፈቅዷል። ለእርስዎ መሆን አለመሆኑን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን ከመጾምዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን መፍታት አለበት፤ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። በዓመት አንድ ጊዜ ዓይንዎን፣ እግርዎንና ኩላሊትዎን ያስመርምሩ።

ኢንሹራንስ የሌላችሁ፣ በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች እንዳሉ አትርሱ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮችም አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የባለቤቴ ቃል በአስተርጓሚ ባይደርስ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ «አላንኮራፋም» እያልኩ በነዳሁ።

ዛሬ ባለቤቴ ሌሊት አትቆጥርም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጎደላትን እንቅልፍ እየተኛች ነው። እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው «ሌሊት እንዴት ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም እንደ እኔ ሳትከራከሩ አድምጡት። ጤና ይስጥልን።