በብረት ቱቦ የቆመ ቁም ሣጥን

ቁም ሣጥን ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ፊት የሚደቀነው ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ ሁለትና ሦስት ሰው ካልተረዳዳ በቀር ከቦታው የማይነቃነቅ ከባድ ዕቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ግን አጥንቱ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ገላው ቀለም የተቀባ ስስ ሳንቃ የሆነ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓ የታሰበና ዛሬ በብርቅ የሚገኝ ቁም ሣጥን ነው።

የዚህ አሠራር ዋና ምንጭ የጀርመን አገር ነው። ዋልተር ግሮፒየስ የተባለው የሕንፃ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. በቫይማር ከተማ ባውሃውስ የሚባለውን የጥበብ ትምህርት ቤት መሠረተ። ትምህርት ቤቱ በ1925 ወደ ዴሳው ከተማ ተዛወረ። በዚያም የሃንጋሪ ተወላጅ የሆነው የ23 ዓመቱ ማርሴል ብሮየር የቢስክሌቱን መሪ ተመልክቶ፣ «ይህን ያህል የሚታጠፍና የማይሰበር ብረት ለቤት ዕቃ ስለ ምን አይሆንም?» ወደሚል አሳብ እንደ ደረሰ ይነገራል። ከብረት ቱቦ የመጀመሪያውን ወንበር ሠራ፤ ጠረጴዛውና መደርደሪያውም ተከተሉ።

ቱቦ የተመረጠበትን ምክንያት ቀርቀሃን ያየ ሰው በቀላሉ ያስተውለዋል። ቀርቀሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን ነፋስ አይሰብረውም፤ ብርታቱ በዙሪያው ነውና። የብረት ቱቦም እንዲሁ በጥቂት ብረት ብዙ ክብደት ይሸከማል። ሠራተኛው ቱቦውን ሲያጥፍ እንዳይጨፈለቅበት ውስጡን በአሸዋ ይሞላዋል፤ ከዚያም ዝገት እንዳይበላው በኒኬል ወይም በክሮም ይለብጠዋል። የልብሱን ክብደት ቱቦው ስለሚችለው፣ ሳንቃው መዝጊያና መከለያ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህም ስስ ኮምፔንሳቶ ይበቃዋል። ቁም ሣጥኑ በቀጫጭን እግሮች ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚቆም መጥረጊያ ከሥሩ ይገባል፤ አቧራም መሸሸጊያ ያጣል።

ቀለሙም ያለ ምክንያት አልተቀባም። ቀድሞ የዕቃ ክብር በቅርጻ ቅርጽና በከበረ እንጨት ይለካ ነበር። እነዚህ አዲሶች ባለሙያዎች ግን ተራ እንጨት በንጹሕ ቀለም ሊያምር እንደሚችል አሳዩ። ለዚህ ምስክር የምትሆነን አልማ ቡሸር ናት። ይህች የባውሃውስ ተማሪ በ1923 በቫይማር ለታየ የአርአያ ቤት የልጆች ቁም ሣጥን ሠራች። ብረት ባይኖርበትም ሣጥኖቹ በደማቅ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ሲወጡም ለልጆቹ መቀመጫና መጫወቻ ይሆናሉ። እርስዋም በ1944 በጦርነቱ በአየር ድብደባ ሞተች።

እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች የተመኙት በፋብሪካ በብዛት ተሠርቶ የብዙኃኑን ቤት የሚያገለግል ዕቃ ነበር። ነገር ግን በዘመኑ የብረቱ ዕቃ ለሠራተኛው ኪስ የሚቀል አልሆነም። ባውሃውስም በናዚዎች ግፊት በ1933 ተዘጋ፤ ብሮየርም ከአገር ወጥቶ በመጨረሻ በአሜሪካ ኖረ። ከተሠራውም ጥቂቱ ጦርነት አጠፋው፤ ጥቂቱ ዘመኑ አለፈበት ተብሎ ተጣለ። ለድኻ ቤት የታሰበው ዕቃ ዛሬ በቤተ መዘክር በገመድ ታጥሮ ይታያል።

የቀረውን ደግሞ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን በጎ አሳብ ነው። ባለቤቱ ያረጀ ቀለም ሲያይ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አዲስ ይቀባዋል፤ የደበዘዘውንም ቱቦ እንደገና ያስለብጠዋል። ዕቃው ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን በማን ዘመን፣ በምን ቀለም እንደ ተሠራ የሚመሰክርለት ቆዳው ተገፎአል። የፊተኛው ቀለም ብዙ ጊዜ ከማጠፊያው ሥር ወይም ከበሩ ታችኛ ጠርዝ ተሸሽጎ ስለሚገኝ፣ አዋቂ ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው ያንን ስፍራ ነው። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ማበስ፣ ከርጥበት ማራቅና ሳይፍቁ ባለሙያ መጠየቅ ይበቃል።

ከአባት የተረከብነው ማናቸውም ዕቃ ቢሆን እንዲሁ ነው። ከማደሳችን በፊት ምን እንደ ሆነ እንወቅ፤ የተፋቀ ቀለም አይመለስምና።