ተሳቢ ቤት ለመግዛት ያሰቡ እንደሆነ፦ ትልቁ ወጪ ከፊት ያለው መኪና ነው

እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ በዓል ሲቃረብ፣ በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ የምንኖር ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ሒሳብ ውስጥ እንገባለን። በዓሉ እንደ 2012ቱና እንደ 2018ቱ እዚሁ ዳላስ ሲሆን ችግር የለም፤ እንግዳ ተቀባዮቹ እኛ ነን። ሩቅ ከተማ ሲሆን ግን የስድስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሁለት የሆቴል ክፍልና የኪራይ መኪና ሲደመር የብዙ ወር ኦቨርታይም በአንድ ሳምንት ያልቃል።

ባለፈው ሰሞን ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ የቤድፎርድ ነዋሪ ከዚህ ሒሳብ ለመገላገል ቆርጠው ተነሡ። «ቤቴን እየጎተትኩ እሄዳለሁ!» አሉን። እሳቸውን አጅበን ቅዳሜ ዕለት ወደ አንድ የተሳቢ ቤት መሸጫ ሄድን። ከዚያ ያየነውንና በኋላም ቡና እየጠጣን በወረቀት ላይ ያሰላነውን ለሌሎችም ይጠቅማል ብለን አቅርበነዋል።

በመሸጫው ግቢ ሁለት ዓይነት ተሳቢ ቤቶች አሉ። አንደኛው ትራቭል ትሬይለር የሚባለው ሲሆን፣ ከመኪናው ኋላ፣ ከመከላከያው ሥር በምትወጣ የብረት ኳስ ላይ ተያይዞ ይጎተታል። አገር ቤት የአሰብን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲሄድ አይተዋልና አይቸግራቸውም። ሁለተኛው ፊፍዝ ዊል ይባላል። አፍንጫው ወደ ፊት ወጥቶ ከፒክአፑ የጭነት ሳጥን ላይ ይንጠለጠላል፤ ኪንግ ፒን የሚባለው ብረትም ልክ በኋላ ጎማዎቹ አናት ላይ ከተተከለው ሂች ጋር ይቆላለፋል። ባለ አሥራ ስምንት ጎማ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን መያዣ በየቀኑ ስለሚያዩት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ጋሼ ዓይናቸው ያረፈው በፊፍዝ ዊሉ ላይ ነበር፤ ደግሞም አይፈረድባቸውም። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መኝታ ቤቱ በደረጃ የሚወጣ፣ ሳሎኑ እንግዳ የሚቀበል ነው። በዚያ ላይ ሁለቱም ያገለገሉ ስለነበሩ የዋጋ ልዩነታቸው 6 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። በአዲስ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። ትራቭል ትሬይለር ከ20 ሺህ ዶላር ገደማ ጀምሮ ሲገኝ፣ ፊፍዝ ዊል አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሺህ ጀምሮ ትልልቆቹ ከ100 ሺህ በላይ ይወጣሉ። ሻጩ «ምን ዓይነት መኪና አለዎት?» ብሎ ጠየቀና፣ ጋሼ «ፒክአፕ» ሲሉት «እንግዲያው ችግር የለም» አለ። እኛን የከነከነን ይህች «ችግር የለም» ናት።

የጋሼ ፒክአፕ ግማሽ ቶን የሚባለው ዓይነት ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት በብረቱ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። እሷም ተሳፋሪውና ጭነቱ በአንድነት ከ1,640 ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ትናገራለች። ጋሼ፣ ባለቤታቸውና አራት ልጆቻቸው በአንድነት ሲመዘኑ 780 ፓውንድ ይሆናሉ (ባለቤታቸው የራሳቸውን ክብደት ስላልነገሩን በግምት አለፍነው)። የቀረው 860 ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፊፍዝ ዊል ክብደት 20 በመቶ ያህሉ በፒክአፑ ጀርባ ላይ ያርፋል። ያ ያማራቸው ቤት ከነዕቃው 10 ሺህ ፓውንድ ስለሚመዝን 2 ሺህ ፓውንድ ከጀርባቸው ይጫናል ማለት ነው፤ ሂቹ ራሱ ደግሞ 150 ያህል አለው። ጋሼ ቤተሰቡን ትተው ብቻቸውን ቢነዱት እንኳ መኪናው አይችለውም። በትራቭል ትሬይለር ግን በመያዣው ላይ የሚያርፈው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከነዕቃው 6 ሺህ ፓውንድ ለሚመዝነው ቤት በአማካይ 750፣ ክብደት ለሚያከፋፍለው ሂች 80 ብንል 830 ይሆናል። 30 ፓውንድ ተረፈን። ጋሼ «ለጀበናዋና ለረከቦቷ ትበቃለች» ብለው አሳቁን እንጂ፣ ዕቃው ወደ ፊት ካደላና 15 በመቶው ከደረሰ 900 ስለሚሆን ይህም አይሆንም።

ስለዚህ የ6 ሺህ ዶላር ልዩነት የተባለው ውሸት ባይሆንም ግማሽ እውነት ነው። ፊፍዝ ዊሉን ለመጎተት ጋሼ ሦስት አራተኛ ቶን ወይም አንድ ቶን የሚባለውን ፒክአፕ መግዛት አለባቸው። ይህ በአዲስ ከ60 ሺህ እስከ 90 ሺህ ዶላር ይጠየቅበታል፤ ጥቂት ዓመት ብቻ ያገለገለውም ቢሆን ርካሽ አይደለም። ያ መኪና ደግሞ ጁላይ ካለፈ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሥራ የሚመላለሱበት ነውና ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም አብሮ ይከተላል። ከተሳቢው ክብደት ጋር የመንጃ ፈቃድም ነገር አለ። በቴክሳስ ሕግ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ26 ሺህ ፓውንድ ካለፈና ተሳቢው ለብቻው ከ10 ሺህ ከበለጠ፣ ተራው ክላስ ሲ ፈቃድ አይበቃም፤ ክላስ ኤ ያስፈልጋል።

በሚኒቫን ወይም በትንሽ ኤስዩቪ የሚጎትቱ ቤተሰቦችም አሉ። ቶዮታ ሲየና እስከ 3,500 ፓውንድ፣ ቤንዚን ብቻ የሚጠቀመው ሃይላንደር እስከ 5 ሺህ ይጎትታል ይባላል። ነገር ግን ተሳፋሪና ሻንጣ ሲሞላባቸው ያ ቁጥር ይወርዳልና ከበሩ ላይ ያለችውን ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙ።

ብድሩን በተመለከተ፣ ሻጮች ወርኃዊውን ክፍያ ብቻ ነው የሚናገሩት። ለምሳሌ በ9 በመቶ ወለድ ብናስበው፣ 25 ሺህ ዶላር በ10 ዓመት ሲከፈል በወር 317 ዶላር ይሆንና በድምሩ 38 ሺህ ይደርሳል። 60 ሺህ ዶላር በ15 ዓመት ሲከፈል ደግሞ በወር 609 ዶላር ሆኖ በድምሩ ወደ 110 ሺህ ይጠጋል። ወለዱ ብቻ ሁለት ትራቭል ትሬይለር ይገዛ ነበር። ተሳቢ ቤት እንደ መሬት ቤት ዋጋው አይጨምርም፤ አዲሱ ከግቢው በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ብዙውን ጊዜ አንድ አምስተኛ ያህል ዋጋውን ያጣል። የቴክሳስ 6.25 በመቶ የሽያጭ ግብርም አለ፤ በ25 ሺህ ላይ 1,562 ዶላር፣ በ60 ሺህ ላይ 3,750 መሆኑ ነው።

መንገዱም እንዲሁ ያስከፍላል። የሰሜን ቴክሳስ የክፍያ መንገዶች በአክስል ቁጥር ስለሚያስከፍሉ፣ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከተራ መኪና ሦስት እጥፍ፣ ባለ ሦስት አክስል ፊፍዝ ዊል የሚጎትት አራት እጥፍ ይከፍላል። ከቤድፎርድ ስንወጣ በ183 ወይም በ121 ነጻ መስመር መያዝ ይሻላል። ከዚህ እስከ አትላንታ ደርሶ መልስ 1,600 ማይል ያህል ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በጋሎን 10 ማይል ቢሄድ 160 ጋሎን ይጠጣል።

ስለ በረዶ ሳናነሣ ብናልፍ አገራችንን አናውቅም ማለት ነው። በሜይ 5፣ 1995 በፎርት ዎርዝ ሜይፌስት ላይ የወረደውን በረዶ ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል። ተሳቢ ቤት ጣሪያው ስስ ነው። በአፓርትመንት የሚኖር ሰው ማቆሚያ ኪራይ መክፈሉ አይቀርም፤ ኪራዩ በርዝመት ስለሚታሰብና ጣሪያ ያለው ስለሚወደድ ረጅሙ ፊፍዝ ዊል እዚህም ይበልጣል። በራስዎ ግቢ ለማቆምም የከተማውን ማዘጋጃ ቤትና የሰፈሩን ማኅበር አስቀድመው ይጠይቁ።

ለፊፍዝ ዊል ፍትሕ ለማድረግ፣ ክብደቱ በጎማዎቹ አናት ላይ ስለሚያርፍ በነፋስም ሆነ ትልቅ መኪና ሲያልፈው ያን ያህል አይወዛወዝም። በመብራትም ይበልጣል። ትልልቆቹ 50 አምፒር ሲሆኑ፣ አብዛኛው ትራቭል ትሬይለር 30 አምፒር ነው፤ ይኸውም 3,600 ዋት ማለት ነው። በኦገስት ሙቀት ኤሲውና የኤሌክትሪክ ምጣዱ አብረው ሲሠሩ ከዚያ ውስጥ 3 ሺህ ያህሉን ይወስዱታል። ማይክሮዌቭ የከፈተ ልጅ መብራቱን ያጠፋዋል፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ትልቁ ፒክአፕ በሥራው ምክንያት ቀድሞውኑ በእጁ ያለ ሰው ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ለሂቹ አንድና ሁለት ሺህ ዶላር ጨምሮ ፊፍዝ ዊሉን ቢገዛ እኛም አንቃወምም።

ጋሼ ፊፍዝ ዊሉን ትተውታል። ከ5,500 ፓውንድ የማይበልጥ፣ ያገለገለ ትራቭል ትሬይለር እየፈለጉ ሲሆን፣ ብድር ግን አልፈልግም ብለዋል። የዕቁባቸው ዕጣ እስኪወጣ ድረስ በየቅዳሜው እየዞሩ የበር ላይ ወረቀት ያነብባሉ።