ተጨማሪ መረጃ፦ በፀሐይ የሚለካው የአይሁድ ጸሎት

አይሁድ በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ይጸልያሉ። የጠዋቱ «ሻሐሪት»፣ የከሰዓት በኋላው «ሚንሐ»፣ የማታው «አርቪት» ይባላል። አጀማመሩን ታልሙድ በሁለት መንገድ ያስረዳል። አንደኛው ጸሎቶቹን ከአበው ጋር ያያይዛል፤ አብርሃም ማልዶ በእግዚአብሔር ፊት ቆሟል (ዘፍ. 19፥27)፣ ይስሐቅ ወደ ማታ ሜዳ ወጥቷል (24፥63)፣ ያዕቆብ ፀሐይ ጠልቃበት መንገድ ላይ አድሯል (28፥11)። ሁለተኛው በቤተ መቅደስ ጠዋትና ማታ ይቀርብ ከነበረው መሥዋዕት ጋር ያገናኛቸዋል። ሮማውያን በ70 እ.ኤ.አ. መቅደሱን አፍርሰው መሥዋዕቱ ስለቀረ፣ ለታሪክ ተማሪ ይህኛው ይበልጥ ያስኬዳል።

የቀኑ ሰዓት እንደኛው ከንጋት ይቆጠራል፤ ግን ይረዝማል፣ ያጥራል። ፀሐይ ከምትወጣበት እስከምትጠልቅበት ያለው ጊዜ ለ12 እኩል ስለሚከፈል፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ አንዱ «ሰዓት» በሰኔ አጋማሽ 70 ደቂቃ ያህል፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። «ሻሐሪት» እስከ አራተኛው ሰዓት ማብቂያ መድረስ አለበት። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ደግሞ፣ ቢያንስ 10 ሰዎች ከተገኙ፣ ኦሪት በጉባኤ ይነበባል።

የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን ግን የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ ጸሎቱን የሚመሩት ቄሶቻቸው ሲሆኑ፣ ኦሪትም የሚነበበው በግዕዝ ነበር።