መሣሪያው ሲቆም በስልክ የሚረዳው ሰው



ለክሊኒክ የሕክምና መሣሪያ ሲሰጥ፣ መሣሪያው ከሣጥን ወጥቶ ሥራ በጀመረበት ቀን እርዳታው የተፈጸመ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በድሆች አገሮች ከ112,000 የሚበልጡ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምሮ፣ 40 በመቶ ያህሉ ከሥራ ውጭ ሆነው አግኝቷል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የሥልጠና ጉድለት ነበር። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ የምንገልጽላችሁ ክሊኒኮች ሲቸገሩ በስልክ ስለሚረዳው የመሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ከአየር ኦክሲጅን የሚያወጣውን መሣሪያ እንውሰድ። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክሲጅን፣ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። መሣሪያው አየሩን በኮምፕሬሰር እየገፋ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ሲይዝ ኦክሲጅኑ ወደ በሽተኛው ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚወጣው ኦክሲጅን ከ82 በመቶ ማነስ የለበትም። የሳንባ ምች በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ700,000 በላይ ሕፃናትን ገድሏልና ይህ መሣሪያ ቢቆም ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ነርሷ ደውላ «ማሽኑ ይጮኻል» ስትል፣ ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ ስለ ማሽኑ አይጠይቅም። «እኅቴ፣ ሕፃኑ አሁን ኦክሲጅን እያገኘ ነው?» ይላል። ካላገኘ፣ በተጠባባቂነት ከተቀመጠው ሲሊንደር እንዲሰጠው ካደረጉ በኋላ ወደ መሣሪያው ይመለሳሉ።

ቀጥሎ የመሣሪያውን ዓይነትና መለያ ቁጥር ይጠይቃል። «ምን ሆነ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው መብራት በርቷል? ምን ድምፅ ይሰማል? ከመቼ ጀምሮ?» ይላል፤ ያየችውን እንጂ የገመተችውን አይፈልግምና።

ከዚያም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል፦

1. ሶኬቱ ተሰክቷል? መብራት አለ?
2. የቱቦውን ጫፍ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡት አረፋ ይወጣል? ካልወጣ አየሩ በመንገድ ይባክናል ወይም ቱቦው ታጥፏል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በደንብ ያልተከደነው የማርጠቢያ ጠርሙስ ነው።
3. የውጭ ፊልትሮው በአቧራ ተዘግቷል? መሣሪያው ከግድግዳና ከመጋረጃ ራቅ ብሎ ተቀምጧል?

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ የማስጠንቀቂያው መብራት ካልጠፋ ጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ቴክኒሽያን መምጣት አለበት። በስልክ የሚረዳ ሰው ወሰኑን ማወቅ ይገባዋል። ነርሷ ክዳኑን በብሎን መፍቻ እንድትከፍት አያዝዝም። ለሕፃኑ ስንት ሊትር እንደሚሰጥም አይወስንም፤ ያ የሐኪሙ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ሁሉን በመዝገብ ይጽፋል። ይህ እንደ ትርፍ ሥራ ሊቈጠር አይገባውም። አንድ ዓይነት ብልሽት ከሦስት ክሊኒኮች ቢመጣ ጥፋቱ የነርሶቹ ሳይሆን የፋብሪካው ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ለሠሪው ኩባንያና ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቅ የሌላ ስፍራ በሽተኞችን ያድናል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የመሣሪያውን መለያ ቁጥርና የባለሙያውን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ በመሣሪያው ላይ ለጥፉ። ፊልትሮውን በየሳምንቱ በሳሙና ውኃ አጥባችሁ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ መልሱት። ተጠባባቂው ሲሊንደር ባዶ አለመሆኑን ተመልከቱ።

መሣሪያ ለመላክ የምታስቡ ምእመናንም ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። በኢትዮጵያ ባለው 220 ቮልት ይሠራል? እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ፣ አየሩ በሚሳሳበት፣ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል? መለዋወጫው ከየት ይገኛል? መምሪያ መጽሐፉ አብሮ አለ? ሲበላሽስ ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ፣ ከገንዘቡ ከፍላችሁ ለሥልጠናና ለጥገና መድቡ። ሁለት መሣሪያ ልኮ ሁለቱም መጋዘን ውስጥ ከሚቆሙ፣ አንዱ ከነጠባቂው ቢላክ ይሻላል።