በከተማ መሐል የሚገኝ ያረጀ ሕንፃን ያለአደጋ ስለማፍረስ

በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በመካነ ሰላም እና በአካባቢዋ በሚገኙ ደጋማ ከተሞች፣ ብዙ ነባር ቤቶች ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ባለቤት አልባ መስሎ ሲቀር ጣሪያው ያፈሳል፤ የክረምቱ ዝናብ ምርጉን ያጥባል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው የቋሚ እግርም ይበሰብሳል። ግድግዳው ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ቢመስልም ሳይታሰብ በእግረኛ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 እንደሚደነግገው፣ ሕንፃው ያልታሰበ አደጋ ቢያደርስ እንኳ ለጉዳቱ ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ስለሆነም ቤቱን ዘግቶ መተው ባለንብረቱን ከተጠያቂነት አያድነውም።

ከማፍረስ በፊት

ባለንብረቱ የይዞታ ማረጋገጫውን ይዞ ወደ ከተማው አስተዳደር በመቅረብ የማፍረሻ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ወይም ታሪካዊ ይዘት ያለው ከሆነ አስቀድሞ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ማማከር ይገባል። የኤሌክትሪክና የውኃ መስመሮችም አገልግሎቱን በሚሰጡት ተቋማት ባለሙያዎች መቋረጥ አለባቸው፤ ቆጣሪውን ብቻ ማጥፋት በቂ አይደለም።

በሥራው ወቅት

1. ግድግዳ ሳይሰበር ሙሉ በሙሉ ቢወድቅ የከፍታውን ያህል ርቀት ይሸፍናል። በመሆኑም አጥሩ ቢያንስ ከዚህ ርቀት ውጭ ይተከላል። ቦታው የማይበቃ ከሆነ መንገዱ ለጊዜው እንዲዘጋ አስተዳደሩ ይጠየቃል።

2. ሥራው በገበያ ቀንና ተማሪዎች በሚተላለፉበት ሰዓት አይከናወንም።

3. ማፍረስ ከላይ ወደ ታች ነው፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ቀጥሎ የጣሪያው እንጨት፣ በመጨረሻም ግድግዳው ይነሣል። ግድግዳን ከሥሩ መቦርቦር ወይም በገመድ ስቦ መጣል ክልክል ሊሆን ይገባል።

4. ግድግዳዎችን አያይዞ የሚያቆመው የጣሪያው እንጨት ነው። ከተነሣ በኋላ የቀረው ግድግዳ በድጋፍ መያዝ አለበት፤ ያለድጋፍ ቆሞ እንዲያድር መተው አደገኛ ነው።

5. ከጎረቤት ጋር የጋራ የሆነ ግድግዳ ካለ፣ ጎረቤቱ አስቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል፤ የእርሱም ቤት ይደገፋል።

6. አቧራን ለመቀነስ ፍርስራሹ ውኃ ይረጫል። የቆየ የሲሚንቶ ጣሪያ ክዳን ካለ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይሰበርና በባለሙያ ይነሣል።

7. በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ቁሳቁስ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው። የቀን ሠራተኛም ቢሆን የራስ ቆብ፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ሊሰጠው ይገባል።

ካፈረሱ በኋላ

ፍርስራሹ የጎርፍ መውረጃ ቦይን እንዳይደፍን ክረምት ከመግባቱ በፊት መነሣት አለበት። የቆየ የመጸዳጃ ወይም የውኃ ጉድጓድ ካለ ተሞልቶ ይደለደላል፤ ክፍት የተተወ ጉድጓድ ከፈረሰው ቤት ያላነሰ አደጋ ነውና።

ለመውደቅ የተቃረበ ሕንፃ የተመለከተ ማንኛውም ነዋሪ፣ ባለቤቱን ባያውቅም እንኳ፣ ለቀበሌው ወይም ለከተማው አስተዳደር በአስቸኳይ እንዲያሳውቅ እናሳስባለን።