የዊስኮንሲን ሒሳብ፦ የሠራተኛ ማኅበራት ሲዳከሙ የሕዝብ ገንዘብ ማንን ተከተለ?

በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት የአውራ ጎዳና ፖሊስ አለ፤ የምክር ቤቱን ሕንፃ የሚጠብቅ የካፒቶል ፖሊስም አለ። ሁለቱም መሣሪያ ይታጠቃሉ፣ ሁለቱም ሰው የማሰር ሥልጣን አላቸው፣ ደመወዛቸውም የሚወጣው ከአንድ ካዝና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ግን የመጀመሪያዎቹን “የሕዝብ ደኅንነት ሠራተኞች” ብሎ የመደራደር መብታቸውን ሳይነካ አለፈ። ሁለተኛዎቹን ከመምህራንና ከጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ጋር ደምሮ መብታቸውን ገፈፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ የአውራ ጎዳና ፖሊሶቹ ማኅበር ለገዥነት የተወዳደረውን ስኮት ዎከርን ደግፎ ነበር። የካፒቶል ፖሊሶቹ በደጋፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም።

የሠራተኛ ማኅበራት መዳከምና የሕዝብ ገንዘብ በፖለቲካ ውለታ መከፋፈሉ ብዙ ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ነው የሚነገሩት። ዊስኮንሲን ላይ ግን አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው እዚያ ነው።

በመጀመሪያ ሰፋ ያለውን ሥዕል እንይ። በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ሠራተኞች አንድ ሦስተኛው ገደማ የማኅበር አባል ነበር። በ1983 ቁጥሩ ወደ 20.1 በመቶ ወረደ፤ በ2024 ደግሞ 9.9 በመቶ ሆነ። ፋብሪካዎች ወደ ሌላ አገር ሄዱ፣ ኩባንያዎች ማኅበራትን የሚከላከሉላቸውን አማካሪዎች ቀጠሩ፣ የ1947ቱ የታፍት ሃርትሊ ሕግም ግዛቶች ሠራተኛው መዋጮ ሳይከፍል በማኅበሩ ድርድር እንዲጠቀም እንዲፈቅዱ በር ከፈተ። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ሥራ ያቆሙ ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን አባረሩ። የተቆጣጣሪዎቹ ማኅበር ከአንድ ዓመት በፊት በነበረው ምርጫ ሬገንን ከደገፉት ጥቂት ማኅበራት አንዱ ነበር። ውለታ ሁልጊዜ አይመለስም።

በግል ድርጅቶች ውስጥ የአባላቱ ድርሻ ዛሬ ወደ 6 በመቶ ቢወርድም በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ ከ32 በመቶ አላነሰም። ፖለቲከኞች ዓይናቸውን ወደ መምህሩ፣ ወደ ነርሷና ወደ ጽዳት ሠራተኛው ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው ጎራ አስቀድሞ ፈርሷል።

ዊስኮንሲን የዚህ ታሪክ መነሻ ናት ማለት ይቻላል። ከአገሪቱ ትልልቅ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት አንዱ የተመሠረተው በ1932 በዋና ከተማዋ በማዲሰን ነበር። በ1959 ገዥ ጌይሎርድ ኔልሰን ፈርመው የመንግሥት ሠራተኞችን የኅብረት ድርድር በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት አደረጓት። ተቃዋሚዎች ያኔም ዛሬም የሚያነሱት መከራከሪያ ቀላል የሚባል አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኛ አለቃውን አይመርጥም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ማኅበር ግን ከሚደራደረው ሰው ጋር የምርጫ ዘመቻ ይሠራል፣ ገንዘብም ያዋጣለታል። እከክልኝ ልከክልህ ነው ይላሉ። በዊስኮንሲን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነበራቸው። የመምህራን ማኅበሩ ያቋቋመው የጤና መድን ድርጅት የብዙ ትምህርት ቤቶችን ሽፋን ይዞ ቆይቷል፤ መድኑ የሚገዛበት ድርጅትም በድርድር የሚወሰን ጉዳይ ነበር። ከ2011 በኋላ አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች ሌላ መድን ሰጪ አወዳድረው ወጪያቸውን ቀንሰዋል። ይህን ሳይጠቅስ ስለ ሕጉ የሚጽፍ ሰው ለአንድ ወገን እየጻፈ ነው።

በምርጫው አሸንፎ ገዥ የሆነው ዎከር ሕጉን በየካቲት 2011 ሲያቀርብ ምክንያት ያደረገው የበጀት ጉድለትን ነው፤ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ይጎድላል ተባለ። ሠራተኛው ለጡረታው ከደመወዙ 5.8 በመቶ፣ ከጤና መድኑ ክፍያ ደግሞ ቢያንስ 12.6 በመቶ እንዲያዋጣ ተጠየቀ። በዓመት 50,000 ዶላር የሚያገኝ መምህር ለጡረታ ብቻ 2,900 ዶላር ይቆረጥበታል ማለት ነው። የማኅበራቱ መሪዎች የመደራደር መብታችን አይነካ እንጂ ገንዘቡን እንቀበላለን አሉ። መልሱ እምቢታ ሆነ።

ገዥው የፈለገው ነገር በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ለድርድር የቀረው መነሻ ደመወዝ ብቻ ሆነ፤ ጭማሪውም ከዋጋ ንረቱ እንዳይበልጥ ተገደበ። የአባልነት መዋጮ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ ተከለከለ። ከሁሉም የከበደው ግን የየዓመቱ ምርጫ ነው። ማኅበሩ ሕጋዊ ወኪል ሆኖ ለመቀጠል ድምፅ ከሰጡት ሳይሆን ከጠቅላላው ሠራተኛ 51 በመቶ ማግኘት አለበት። 100 መምህራን ባሉበት ቦታ 60ው ድምፅ ሰጥተው 50ው ማኅበሩን ቢደግፉ ማኅበሩ ወደቀ፤ ያልመጡት 40 መምህራን እንደተቃወሙ ይቆጠራሉ። በዚህ ስሌት ቢኬድ ዎከር ራሱ ገዥ ባልሆነ ነበር።

የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። 14 ዲሞክራት ሴናተሮች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ድንበር ተሻግረው ኢሊኖይ ገቡ። ሰልፈኛው ካፒቶል ውስጥ እያደረ ሰነበተ፤ ከሕጉ ነፃ የተደረጉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይቀሩ የሙዚቃ መሣሪያቸውን እየነፉ አብረው ወጡ። ሕንፃው አጠገብ ያለ ፒዛ ቤት ለሰልፈኞች ይሁን እየተባለ ከግብፅ ድረስ ትእዛዝ ይቀበል ነበር። ያ ሁሉ ግን አንድ ምሽት ብቻ በፈጀ ብልሃት ተቋጨ። ምልዓተ ጉባኤው ጥብቅ የሆነው ገንዘብ ነክ ሕግ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሪፐብሊካኖቹ መጋቢት 9 ቀን ገንዘብ ነክ አንቀጾቹን አውጥተው የቀረውን ብቻቸውን አጸደቁት። የበጀት ጉዳይ ነው ሲባል የከረመው ሕግ ገንዘብ ነክ አይደለም ተብሎ አለፈ።

በ2012 ዎከርን ከሥልጣን ለማውረድ በተጠራው ምርጫ ከሁለቱም ወገን በድምሩ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ ዎከርም በ53 በመቶ አሸነፈ። በ2010 ከግዛቱ ሠራተኞች 14 በመቶ የሚሆኑት የማኅበር አባላት ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 በመቶ ወረዱ። ግዛቱና ወረዳዎቹ በርግጥ ገንዘብ አዳኑ። ነገር ግን በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የተለቀቀው ወንበር ባዶ ሆኖ አልቀረም።

በዚያው በ2011 ግዛቱ የንግድ ሚኒስቴር ያህል የነበረውን መሥሪያ ቤት አፍርሶ ከፊል የግል የሆነ የልማት ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ገዥው ራሱ ሆነ። የምክር ቤቱ ኦዲት ቢሮ በ2013 ባወጣው ሪፖርት ኮርፖሬሽኑ ሕግና መመሪያ እየጣሰ ብድርና ድጋፍ መስጠቱን ገለጸ። በኋላ ይፋ ከሆኑት ብድሮች አንዱ ያለ ዋስትና የተሰጠ 500,000 ዶላር ነበር። ተበዳሪው ኩባንያ ከሰረ፤ ባለቤቱ ቀደም ሲል ለዎከር የምርጫ ዘመቻ 10,000 ዶላር ሰጥቶ ነበር።

በ2015 ደግሞ ቁጥሮቹ ሰው ቧልት የጨመረባቸው ይመስላሉ። ለግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጠው ገንዘብ 250 ሚሊዮን ዶላር በተቀነሰበት የበጀት ዘመን ለሚልዋኪ ባክስ የቅርጫት ኳስ ስታዲየም 250 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ተፈቀደ። ከቡድኑ ባለድርሻዎች አንዱ ለዎከር የፕሬዚዳንትነት ዘመቻ ገንዘብ በማሰባሰብ ግንባር ቀደም ነበር። ለእውነቱ ሲባል ዲሞክራቶችም ድምፃቸውን ሰጥተውበታል፤ ስታዲየም ፓርቲ አይለይም።

ከዚያ ፎክስኮን መጣ። የታይዋኑ ኩባንያ በ2017 በዋይት ሐውስ ተገኝቶ 10 ቢሊዮን ዶላር አፍስሼ እስከ 13,000 ሰው እቀጥራለሁ አለ። ግዛቱ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድጋፍ ቃል ገባ። አምራቾች በዊስኮንሲን ከሞላ ጎደል የገቢ ግብር ስለማይከፍሉ “የታክስ ቅናሽ” የተባለው አብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ሆኖ የሚከፈል ነበር። የምክር ቤቱ የፋይናንስ ቢሮ ግዛቱ ያወጣውን የሚመልሰው ከ25 ዓመት በኋላ ነው ብሎ አስልቶ ነበር፤ ማንም አልሰማውም። የማውንት ፕለዛንት መንደር ምክር ቤት መኖሪያ ቤትና እርሻ ያለበትን ቦታ “የተጎሳቆለ አካባቢ” ብሎ ሰየመ። ሰዎች ቤታቸውን ለቀቁ፣ ቤቶቹ ፈረሱ። በ2021 ውሉ እንደገና ሲጻፍ ቁጥሩ ወደ 1,454 ሠራተኛና ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ወርዶ ነበር። ዎከር በ2018 ሦስት ጊዜ አሸንፎበት ከነበረው ወንበር በአንድ በመቶ ገደማ ልዩነት ተሸንፎ ወርዷል።

ይህን አይቶ ማኅበራት ቢጠነክሩ ኖሮ አድሎ አይኖርም ነበር ማለት የዋህነት ነው። ማኅበራት ጠንካራ ወዳጅ ሲያገኙ ሌላ ዓይነት ዝርዝር ይወጣል። በመጋቢት 2021 የወጣው የማገገሚያ ሕግ ሊከስሩ ለደረሱ የማኅበራት የጡረታ ፈንዶች በር ከፈተ፤ በ2022 መጨረሻ ለአንዱ ፈንድ ብቻ 36 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰጠ፤ ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበሩ። ጡረታ ያልነበረው ሹፌር ይህን የሚከፍለው ለምንድነው ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። የ2022ቱ የአየር ንብረት ሕግ መንግሥት ለአካባቢው ባወጣው የደመወዝ ተመን የሚከፍልና ሥራ ተማሪ የሚይዝ ባለሀብት ከሌላው አምስት እጥፍ የታክስ ቅናሽ እንዲያገኝ አድርጓል። ማኅበር የማያውቀው የኮንግረስ ልማድም አለ። በ2005 ለአንዲት 50 ያህል ሰው ለሚኖርባት የአላስካ ደሴት ድልድይ 223 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ኮንግረስ እንዲህ ያለውን የግል ምደባ በ2011 ከልክሎ በ2021 በአዲስ ስም መልሶታል።

ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ነው። የኅብረት ስምምነት የተጻፈ ነው፣ ዋጋው ይታወቃል፣ በየጊዜው ያልቃል፤ የሚጠላው ሰው እንኳን አንቀጹን ጠቅሶ ይከራከርበታል። የልማት ኮርፖሬሽን ብድር ግን የሚታወቀው ኩባንያው ከከሰረ በኋላ ነው።

በታኅሣሥ 2024 የዴን ካውንቲ ዳኛ ጄኮብ ፍሮስት የ2011ዱን ሕግ አብዛኛውን ክፍል ሻሩት። ምክንያታቸው መግቢያችን ላይ ያየነው የፖሊሶች ጉዳይ ነው፤ አመዳደቡ ትርጉም የሚሰጥ ምክንያት የለውም አሉ። ይግባኝ ተጠየቀ፤ ውሳኔውም ሳይፈጸም ታገደ። ቀደም ሲል በ2013 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ ነበር፤ ለወዳጅ ማድላት ቢኖርበትም ሌላ አሳማኝ ምክንያት እስከተገኘለት ድረስ ያልፋል በሚል መንፈስ። ነፃ የተደረጉት ሁሉ የዎከር ደጋፊዎች እንዳልነበሩም አይዘነጋ፤ የግዛቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር የደገፈው ተቀናቃኙን ነው። በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የብዙ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሠራተኞች ከድርድር ሲያስወጡም ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነፃ ተደርገዋል።

በአሜሪካ የሚኖረው የአማርኛ አንባቢ ይህ የሩቅ ታሪክ ሊመስለው አይገባም። በታኅሣሥ 2023 የቨርጂንያ ገዥ ግሌን ያንግኪን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ ለዋሽንግተን የቅርጫት ኳስና የሆኪ ቡድኖች 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ ስታዲየም ለመሥራት ከባለቤቱ ጋር ተስማምተው ነበር፤ አብዛኛው ገንዘብ በሕዝብ ብድር የሚመጣ ነበር። የሰሜን ቨርጂንያ ማኅበራት ለግንባታና ለሆቴል ሠራተኞች ዋስትና ጠየቁ፣ ሲከለከሉ ድጋፋቸውን ነፈጉ። የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሉዊዝ ሉካስም ዕቅዱን ከበጀቱ አስወጡት። በመጋቢት 2024 ነገሩ ተሰረዘ። ቡድኖቹ ዋሽንግተን ዲሲ ቀሩ፤ ከተማዋም ለማቆያ 515 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች።